«እርጥበት ወዳድ» ተክል ምንድን ነው?

«የአይጥ ጆሮ እርጥበት ወዳድ ስለሆነ፣ ድሬዳዋ ላይ ጠዋትና ማታ ውሃ አስተኝቶበት መተው ነው» የሚል ምክር ሰሞኑን ደግሜ አነበብኩ። ብዙ ጊዜ በዝምታ አልፌዋለሁ፤ አሁን ግን በቃኝ። እርጥበት ወዳድ ማለት ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ የሚኖር ማለት አይደለም።

የአይጥ ጆሮ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዲኮንድራ፣ በሣር ፋንታ ግቢ የሚሸፍን ተክል ነው፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ከየአንጓው ሥር ይሰዳል። ሥሩ ከላይኛው አፈር ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ ቶሎ ይጠማዋል። ያው ሥር ግን መተንፈስም አለበት፣ መካሪዎቻችን የሚዘሉትም ይህንኑ ነው።

እንጀራን አስቡ። ወጥ የሚይዘው ዐይን ስላለው ነው። የአፈር ዐይኖችም ከፊላቸው ውሃ፣ ከፊላቸው አየር ሲይዙ «እርጥብ» እንላለን። ወጡ ሲበዛ እንጀራው ይላቁጣል፤ አፈርም አየሩ ሲባረር ሥር ይበሰብሳል። በእግር የተደቀደቀ ሸክላማ አፈር ዐይን አልባ እንጀራ ነው፣ ወጡ ከላይ ይተኛል እንጂ አይገባም። የደቻቱ ወንዝ ዳር አሸዋ በተቃራኒው ዐይኑ ከመስፋቱ የተነሳ ወጡን ወደ ትሪው ያሳልፈዋል። ለሁለቱም መፍትሔው በደንብ የበሰለ ብስባሽ እንጂ የቧንቧ ጎማ አይደለም።

«ፀሐዩ ይጨርሰዋል» ይላል መካሪው። ፀሐዩ የሚያደርቀው በቅድሚያ ላይ ላዩን ነው፤ ከሥሩ ጭቃ ተኝቶ ገጹ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከአምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ዘግናችሁ ጨብጡ። ተጠቃልሎ ቆይቶ በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ በቂ ነው። ከጣታችሁ መካከል ውሃ ከፈሰሰ ቧንቧውን ዝጉ። 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ላለችው ድሬዳዋ የሚበቃ ውሃ፣ ወደ 1,900 ሜትር የምትጠጋው ቀዝቀዝ ያለችው ሐረር ላይ ይበዛል። ፀሐዩ ካስፈራችሁ በማንጎ ጥላ ሥር ትከሉትና ማለዳ አጠጡት። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ግቢ ከሆነ ግን እርሱት፣ ብዙ እግር አይችልም።

ሌላም አለ። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ኖራ ከምናጠጣው ውሃ ጋር እየመጣ በአትክልቱም አፈር ውስጥ ይከማቻል። አፈሩ ኖራማ ሲሆን ተክሉ ብረት ማግኘት ይከብደዋል፤ አዳዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው ጅማታቸው ብቻ አረንጓዴ ይቀራል። ይህን ያየ ሰው «ጠምቶት ነው» ብሎ ውሃ ይጨምራል፣ ውሃ የተኛበት ኖራማ አፈር ደግሞ የብረቱን እጥረት ያባብሰዋል። ቢጫው ከአሮጌዎቹ ቅጠሎች ከጀመረ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ የናይትሮጅን እጥረት ጠርጥሩ።

ባልጠየቃችሁኝም አንድ ነገር ልጨምር፦ እ.ኤ.አ. በ2013 ድሬዳዋ ላይ የደንጊ ወረርሽኝ ተከስቷል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ በብዛት የምትራባው በርሜልና የመኪና ጎማ ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ነው። ለአትክልቱ የምታስቀምጡትን በርሜል ክደኑት።