የጨቅላ ሕፃናት የአንጎል ደም መፍሰስ ምንድን ነው?

በራስ ቅል ውስጥ፣ በአንጎሉ ወይም በሽፋኖቹ መካከል ደም ሲፈስ ነው። ከምጥ በኋላ ጭንቅላት ላይ የሚታየው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ከራስ ቅሉ ውጭ ነውና ከዚህ ጋር አይምታታ።

በብዛት የሚጠቁት ከ32 ሳምንት በፊት ወይም ከ1,500 ግራም በታች የተወለዱ ናቸው። በአንጎላቸው መሃል፣ ፈሳሽ ባለባቸው ክፍተቶች ዳር ያሉት የደም ሥሮች ገና ስስ ስለሆኑ የደም ግፊት ሲዋዥቅ ይፈነዳሉ። አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት ይከሰታል፤ ምልክት ላያሳይም ስለሚችል በእርግብግቢቱ በኩል በአልትራሳውንድ ይታያል። ምጥ ያለጊዜው ከመጣ እናቲቱ የሕፃኑን ሳንባ የሚያጠነክርና ይህን የደም መፍሰስ የሚቀንስ መድኃኒት፣ ዴክሳሜታዞን፣ 6 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ 4 ጊዜ ትወጋለች። ደቡብ ወሎ ውስጥ ከደላንታም ሆነ ከወገዲ፣ ጊዜ ካለ ሳትወልድ ደሴ ሆስፒታል ማድረሱ ወልዳ ሕፃኑን ይዞ ከመሮጥ ይሻላል።

ይበልጥ የሚያስቆጨው ግን በጊዜው ተወልዶ ጠግቦ ሲጠባ የከረመው ልጅ ነው። ጉበት ደም የሚያረጉትን ፕሮቲኖች ለመሥራት ቫይታሚን ኬ ያስፈልገዋል። በእንግዴ ልጅ በኩል የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ በጡት ወተትም ውስጥ ያለው አነስተኛ ነው። አራሷ ጎመን ብትበላም ጉድለቱ አይሞላም፤ ጡት ማስተውም መፍትሔ አይደለም። መፍትሔው እንደተወለደ ጭኑ ላይ የሚወጋ 1 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ ነው፤ ከ1,500 ግራም በታች ለሆነ ግማሹ። ቤት የተወለደ ልጅ መርፌው ቢዘገይም ጤና ጣቢያ ሄዶ ይወጋ።

ካልተወጋ ደሙ ብዙ ጊዜ ከ2ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ድንገት ይፈሳል። እናቱ በእርግዝና ሪፋምፒሲን (የቲቢ መድኃኒት) ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒቶችን (ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን) ስትወስድ ከነበረ በመጀመሪያው ቀንም ሊመጣ ይችላል። እትብቱ በደም ከረጠበ፣ አፍንጫው ከደማ ወይም ገላው ያለምክንያት ከበለዘ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ የማይቆም ደም መጋበዝ ነው።

አንጎሉ ውስጥ ሲፈስ ልጁ ይገረጣል፣ ጡት እምቢ ይላል፣ ያስታውካል፣ በቀጭን ድምፅ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣል። ልጁን ሳያለቅስ ቀና አድርጋችሁ ያዙና እርግብግቢቱን ዳስሱ፤ ከተወጠረ ምልክት ነው፤ ሲያለቅስማ የጤነኛውም ይወጠራል። «ዓይን በልቶት ነው» ተብሎ ሰዓት አይባክን፤ ጠበሉም ዱዓውም ከመርፌው በኋላ ይደርሳል። ጤና ጣቢያ ስትደርሱ ቫይታሚን ኬ እንዳልተወጋ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ሪፈር ከመጻፉ በፊት መርፌው እዚያው ሊሰጠው ይገባል፤ ፕላዝማ (የደም ፈሳሹ ክፍል) እና ደም ግን ሆስፒታል ነው የሚገኘው።