ፓራፋንጎ ምንድን ነው? የሪሞት መኪናንስ ከጭቃ ያድናል?

ባለፈው ሚያዝያ ለልጄ ልደት የሪሞት መኪና ገዛሁለት። መጫወቻ ብትሏት ይቀየማችኋል። ትራክሳስ ስላሽ የምትባል ፒክአፕ ናት፤ ከእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ የምታህል። ከነባትሪዋ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ብትመዝን ነው። ልጁ ማስነሻውን ጨከን ብሎ ሲስበው ግን የጎረቤታችን ውሻ አይደርስባትም።

ልንከፍል ስንል ሻጩ ከመደርደሪያው አንድ ነገር አውርዶ አሳየን። ለአራቱም ጎማ የሚሆን የፕላስቲክ ጭቃ መከላከያ። «ይሄን ከገጠማችሁላት አትቆሽሽም» አለ። የሀገር ቤቱ ፓራፋንጎ መሆኑ ነው። ጥቂት ዶላር ነው ብዬ ጨመርኩ።

ቅዳሜ ዝናቡ ካባራ በኋላ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው ባዶ መሬት ወሰድናት። አንድ ባትሪ እስኪያልቅ ነዳናት። ስንመለስ መኪና ሳይሆን ከማሳ የተነቀለ ድንች ነበር የምትመስለው። እናቱ በሩ ላይ ቆማ «ይሄ ነገር ቤቴን አይረግጥም» አለች። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «አባዬ፣ ጭቃ መከላከያ አላት አላልክም?» አለኝ።

እውነቱን ነው። መልሱ የሚጀምረው ከስሙ ነው።

ፓራፋንጎ ከጣሊያንኛ የመጣ ቃል ነው። ከኮፋኖ፣ ከቸርኬ፣ ከኩሽኔታና ከካቻቢቴ ጋር ተያይዞ ጋራዣችን ገብቶ የቀረ። «ፓራሬ» መመከት ነው፣ «ፋንጎ» ደግሞ ጭቃ። ጭቃ መካች እንደ ማለት። የቅርብ ዘመዱ ፓራውልትም እንዲሁ ግጭት መካች ነው። መመከት ግን ማጽዳት አይደለም። ጋሻ የያዘ ሰው ጋሻው ሲመታ አይገርመውም፤ የያዘው ለዚያ ነውና። ፓራፋንጎም ጭቃውን ከመንገድ ላይ አያጠፋውም። ወዴት እንደሚሄድ ነው የሚወስንለት።

ታዲያ የሚመክተው ለማን ነው? ብስክሌት ላይ ለሱሪያችን መቀመጫ። አይሱዙ ላይ ከኋላ ጎማው ጀርባ የሚወዛወዘው ላስቲክ ደግሞ ከኋላው ለሚመጣው ሹፌር መስታወት። ሁለቱም ቦታ ላይ የሚጠበቅ ሰው አለ። የልጄ መኪና ውስጥ ማንም አልተቀመጠም። ከኋላዋም የሚነዳ የለም። እኛ ራሳችን አሥር ሜትር ርቀን ቆመናል።

እንግዲህ ጭቃው ራሱ እንዴት እንደሚሄድ እንይ። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለች፤ የማትወዱ አንድ አንቀጽ ዝለሉ።

የስላሽ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 11 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። የቤት መኪና ጎማ 70 ሴንቲሜትር ይሆናል እንበል። ሁለቱም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ትልቁ ጎማ በሰከንድ አምስት ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ትንሹ 32 ጊዜ። ጎማው ላይ የተለጠፈ ጭቃ ከጎማው ጋር ለመዞር የሚይዘው ኃይል ይፈልጋል። በትልቁ ጎማ ላይ ያ ኃይል ከጭቃው ክብደት 36 እጥፍ ገደማ ነው። በትንሹ ላይ ወደ 230 እጥፍ ይደርሳል። ጭቃው ያንን ያህል አጥብቆ መያዝ አይችልም፤ ይለቅና ይፈናጠራል። እንግዲህ ትንሿ መኪና ስለትንሽነቷ ጭቃ የምትረጨው ትንሽ ይመስለናል እንጂ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በተመሳሳይ ፍጥነት ጭቃው ጎማዋ ላይ ለመቆየት ከትልቋ ስድስት እጥፍ የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። ያውም ልጆች እንደሚነዱት፣ ቆማ ጎማዋ በባዶ ሲሽከረከር የሚሆነውን ሳንቆጥር።

አቅጣጫውም አለ። መሬት እንደነካ የሚለቀው ጭቃ ዝቅ ብሎ ወደ ኋላ ይሄዳል። ትንሽ ቆይቶ ከጎማው ጀርባ የሚለቀው ወደ ላይ ይወጣል። እስከ አናቱ ድረስ ተጣብቆ የቆየው ደግሞ ወደ ፊት ነው የሚወረወረው። ከጎማው ኋላ የተንጠለጠለ ላስቲክ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚያገኘው። ሌሎቹን ለመያዝ ጎማውን ከላይ የሚሸፍን ነገር ያስፈልጋል።

«ስላሽ እኮ ከላይ የተሸፈነች ናት» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ስላሽ በ2008 እ.ኤ.አ. ስትወጣ የተሠራችው አሜሪካ ውስጥ በጭቃና በጉብታ ላይ የሚወዳደሩትን ፒክአፖች መስላ ነው። ቦዲዋ ሰፊ ነው፤ አራቱንም ጎማ ከላይ ይጋርዳል። ያለምንም ተጨማሪ ወጪ ትልቅ ፓራፋንጎ ለብሳ ነው ከካርቶኑ የምትወጣው። የድንቹ ምስጢር ያለውም እዚህ ነው። የፊት ጎማ የረጨው ጭቃ ቦዲውን ከውስጥ ይመታና ተመልሶ ሻንሲው፣ ማለትም የመኪናዋ ወለል፣ ላይ ይወድቃል። ሻንሲው ደግሞ ጠርዙ ከፍ ያለ ነው፤ እንደ ገንዳ። የገባ አይወጣም። ላዩ ላይ ተስፋ የምትሰጥ መኪና ቦዲዋን ስታነሱት ምጣድ ሙሉ ሊጥ ታገኛላችሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ነገር ሞከርን። የግራዎቹን ሁለት ፓራፋንጎዎች ፈታን፣ የቀኞቹን ተውናቸው። አንድ ባትሪ ነዳን። ከዚያ ቦዲውን አውልቀን ጋራዥ ወለል ላይ ተንበርክከን አየን።

ግራው ቀጭንና የተበታተነ ጭቃ ነበረው። በየቦታው ነጠብጣብ። የሾክ አብዞርበሩ ዘንግ ላይ ሳይቀር። ቀኙ ላይ ሾክ አብዞርበሩ በደንብ ንጹህ ነበር፤ ይሄ መካድ የለበትም። ግን በፓራፋንጎውና በጎማው መሀል አንድ ጭብጥ ጭቃ ተጠቅጥቋል። ጎማው ሲሽከረከር ያንን ጭቃ ፈትጎ ፈትጎ እንደ ሸክላ አለስልሶታል። ልጄ በጣቱ ነካውና «ያበራል» አለ። እስከ መጨረሻው መኪናዋ ለምን ወደ ቀኝ ትስብ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ፓራፋንጎው ፍሬን ሆኖባት ነበር።

አሁን ስለ አፈሩ ማውራት አለብኝ፤ ምክንያቱም ሁሉም ጭቃ አንድ አይደለም። እኛ የምንኖረው ቴክሳስ ውስጥ፣ ዳላስ አካባቢ ነው። የስላሽ አምራች ትራክሳስ ራሱ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከዚህ ብዙ አይርቅም፣ ማኪኒ ነው። አካባቢው ብላክላንድ ፕሬሪ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ ዝናብ ዘንቦ ጫማዬ ሥር ሲለጠፍ «ይሄማ ዋልካ ነው» ብዬ ነበር፤ ዘመድ አገር ያገኘሁ መሰለኝ። አልተሳሳትኩም። የአፈር ባለሙያዎች ሁለቱንም ቨርቲሶል ብለው ነው የሚመድቧቸው፦ የቴክሳሱን ጥቁር አፈርም፣ የቢሾፍቱንና የበቾውን ዋልካም። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እዚህ ሰው በበጋ የቤቱን መሠረት ውሃ የሚያጠጣው አብዶ አይደለም፤ አፈሩ ተኮማትሮ ቤቱን እንዳይሰነጥቀው ነው።

ዋልካ ያውቃል የሚባል ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ነገር አለ። ጫማ ላይ ሌላ ጫማ ይሠራል። ብስክሌት ይዞ የገባበት ደግሞ ጎማውና ፓራፋንጎው መሀል ጭቃ ሞልቶ ጎማው አልዞር ሲል፣ መጨረሻ ላይ ብስክሌቱን ትከሻው ላይ ይሸከማል። የጭቃ ሞተር ብስክሌት የሚሠሩ ሰዎች ይሄን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የአስፋልት ሞተር የፊት ፓራፋንጎ ጎማውን ሊነካ ምንም አይቀረው። የጭቃው ግን ከጎማው በጣም ከፍ ብሎ እንደ ምንቃር ነው የሚቆመው። ጭቃው የሚያልፍበት ቦታ ይኑረው ብለው ነው። ትንሿ መኪና ላይ ያንን ያህል ክፍተት መተው አይቻልም። ስትዘል ጎማው ወደ ላይ ይገባል፣ ያጎሳቁለዋል።

ስለዚህ መልሱ እንደየመሬቱ ነው። ቀጭን ውሃና እርጥብ ሣር ላይ ፓራፋንጎ ይሠራል፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። አቧራ ላይ ምንም አያደርግም፤ አቧራ በአየር ነው የሚዞረው፣ በየትኛውም ቀዳዳ ይገባል። ዋልካ ላይ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ኮረት ላይ ግን እመሰክርለታለሁ። የፊት ጎማ የሚወረውራት ጠጠር የኋላውን ሾክ አብዞርበር ዘንግ ትጭራለች። የተጫረ ዘንግ ሲወጣና ሲወርድ ጎሚኒውን ይበላዋል፤ ከዚያ ዘይቱ ይፈስሳል። ከስላሽ ከፍ የሚሉት፣ አንድ ስምንተኛ የሚባሉት የውድድር መኪኖች ብዙዎቹ የኋላ ክንዳቸው ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ጋሻ ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው። ያቺ ጋሻ ስለ ንጽህና አትጨነቅም። ስለ ድንጋይ ነው የምትጨነቀው።

ደግሞ መቆሸሽ በራሱ መኪናዋን አይገድላትም። የሚገድላት ጭቃው የሚደርስባቸው ሦስት አራት ቦታዎች ናቸው። ሞተሩ ላይ የተለጠፈ ጭቃ እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ሙቀቱ አይወጣም። በማርሽ ጥርሶቹ መሀል የገባች አንዲት ጠጠር ጥርስ ትላጫለች። ኩሽኔታ ውስጥ የገባ አሸዋ ግራሶውን ይበላል። አሁን የሚሸጡት ስላሾች ኤሌክትሮኒክሳቸው ውሃ አይገባውም ይባላል፤ እውነትም ነው። ኩሽኔታው ግን በዚያ ውስጥ አልተካተተም። ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ይሄ ሐሳብ አዲስ አይደለም። የጃፓኑ የሪሞት መኪና አምራች ታሚያ በ1979 እ.ኤ.አ. ሳንድ ስኮርቸር የምትባል የአሸዋ ቮልስ ሲያወጣ ጭቃውን ለማቆም አልደከመም። ሬዲዮውን ውሃ በማያስገባ ሳጥን ውስጥ ዘጋበትና ገላገለ። መቆሸሽ የሚችለው ይቆሽሽ፣ መቆሸሽ የሌለበት ይዘጋ። ከፓራፋንጎ ይልቅ የሚያዋጣው ይሄ ነው ባይ ነኝ። አሁን ለዚሁ ተብሎ ሻንሲውን ከላይ የሚሸፍን ጨርቅ ይሸጣል፤ በቬልክሮ ይለጠፋል። ጭቃው ጨርቁ ላይ ያርፋል፣ ጨርቁን ፈትታችሁ ታራግፋላችሁ። መግዛት ያልፈለገ የወተት ጀሪካን ቆርጦ ይሠራል። እኛ የሠራናት አላምርም ትላለች፣ ግን ትሠራለች። ሞተሩን ሙሉ በሙሉ አትሸፍኑት ብቻ፤ እሱም መተንፈስ አለበት።

አጠባብ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዋልካን እርጥቡን አታሹት፤ ይቀባል እንጂ አይወጣም። አድሮ ይድረቅ። ጠዋት ላይ በእንጨት ኳ ኳ ስታደርጉት ራሱ ይረግፋል። የቀረውን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ። በግፊት የሚረጭ ውሃ አትጠቀሙ፤ ውጪ ያለውን ጭቃ ወደ ኩሽኔታው የሚያስገባው እሱ ነው። ከመንዳት በፊት ፕላስቲኩን ሲሊኮን መቀባትም ይረዳል፤ ጭቃው መያዣ ያጣል።

ልጄ የቀኞቹን ፓራፋንጎዎችም እንፍታቸው ስለው እምቢ አለ። «ያምራሉ» ነው ምክንያቱ። ይሁን፤ ለማማር ከሆነ ተከራካሪ የለኝም። በዝናብ ሰሞን ግን ይፈታሉ ብለን ተስማምተናል። አሁን ከእያንዳንዱ ጭቃ በኋላ ሥራው የእሱ ነው። ጎማዎቹን ይፈታል፣ ኩሽኔታዎቹን ያደርቃል፣ አንዳንድ ጠብታ ዘይት ያደርግባቸዋል። ከዚያ መልሶ ይገጥማቸውና እያንዳንዱን ጎማ በጣቱ አሽከርክሮ ጆሮውን ያስጠጋል። የሚንኮሻኮሽ ካለ እንደገና ይፈታል። ከሌለ በሩ ላይ ለቆመችው እናቱ ያሳያታል።