ጋን፣ እንስራና ጎታ

ጋን ለጠላ፣ እንስራ ለውሃ፣ ጎታ ለእህል። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ሦስቱም በእጅ የሚሠሩ የቤት ዕቃዎች ናቸው። ጋንና እንስራ በእሳት የሚቃጠሉ ሸክላዎች ሲሆኑ፣ ጎታ ግን ፀሐይ ብቻ ያደረቀው ጭቃ ነው።

ሸክላ ሠሪዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። በአዲስ አበባ ቀጨኔ፣ በጎንደር አጠገብ ደግሞ ቀድሞ ቤተ እስራኤሎች ይኖሩበት የነበረው ወለቃ በዚህ ሙያ ይታወቃሉ። እንስራዋን ከሚገዛው ብዙው ሠሪዋን «ቡዳ» ብሎ ሲሸሻት ኖሯል፤ ንቀቱ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

አፈሩ ደርቆ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያም በእግርና በእጅ ይታሻል። ሲታሽ የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ይገባበታል። ያለ እሱ ጭቃው ሲደርቅ ከመጠን በላይ ተሸብሽቦ ይሰነጠቃል፤ ከበዛ ደግሞ ግድግዳው ይፈረፈራል። የሚሽከረከር መንኮራኩር የለም። ትልቅ ጋን ሲሠራ የምትዞረው ሠሪዋ ናት፤ ጋኑ ባለበት ይቆማል። የታችኛው ክፍል በቂ ጥንካሬ ሳያገኝ በላዩ ከተጨመረበት በራሱ ክብደት ሆዱ ይዘረጠጣል። ስለዚህ የጋን ሥራ በአንድ ቀን አያልቅም። ፊቱ በለስላሳ ድንጋይ የሚታሸውም ለውበት ብቻ አይደለም፤ ቀዳዳዎቹን ይቀንሳል።

አብዛኛው ኪሳራ የሚመጣው ሲቃጠል ነው። ምድጃ ስለሌለ ዕቃዎቹ በሜዳ ተደርድረው በእንጨት፣ በኩበትና በጭድ ይሸፈናሉ። በግድግዳው ውስጥ እርጥበት ቀርቶ ከሆነ ውሃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ዕቃውን ያፈነዳዋል፤ ክረምት የሸክላ ሠሪ ጠላት የሆነውም ለዚህ ነው። ገበያ ላይ በጣት አንኳኩቶ መግዛት ይበጃል። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው።

እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ስለሚያልበው ነው። በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ የወጣው ውሃ በላዩ ላይ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ለማስጌጥ ተብሎ የዘይት ቀለም ከተቀባ ላቡ ይቆማል፤ ማቀዝቀዙም አብሮ ይቀራል። አየር በማያገኝ ጥግ ቢቀመጥም እንዲሁ ነው። ጀሪካን ቦታውን የወሰደበት በቅለቱና ባለመሰበሩ ነው እንጂ በውሃው ጣዕም አይደለም።

ለጠላ ግን ያው ቀዳዳ ጣጣ ነው። የቀደመው ጠላ ቅሪት በውስጡ ተደብቆ አዲሱን ያኮመጥጣል። ስለዚህ ጋን በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፤ ደርቆም በወይራ ጭስ ይታጠናል። አጠናው ጠላውን ጠረን ብቻ ሳይሆን ንጽሕናም ይሰጠዋል። ከተጠነሰሰ በኋላ አፉ ተከድኖ ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል። ሳሙና አይነካውም፤ ሸክላ የጠጣውን መዓዛ በቀላሉ አይለቅም። የጋን ቂጥ ክብ ስለሆነ ባዶ ወለል ላይ አይቆምም፤ ከሥሩ ጠጠር ይሸጎጥለታል። «ጋን በጠጠር ይደገፋል» የሚለው ተረት መነሻው ይኸው ነው። ጠጠሮቹ በአንድ ወገን ብቻ ከሆኑ የሙሉ ጋን ክብደት አንዲት ነጥብ ላይ ያርፍና ዕቃው ከታች ይተረተራል።

ጎታ ሌላ ዓለም ነው። ጭቃ፣ የጤፍ ጭድና እበት ተቦክተው ለቀናት ይቆያሉ። ከዚያ ቀለበት በቀለበት ይነባበራሉ፤ አንዱ ቀለበት ሳይጠና ሌላው አይጨመርም። ጭዱ ጭቃውን አሥሮ ይይዘዋል። እህሉ የሚገባው በላይ ነው፤ የሚቀዳው ግን ከታች በኩል ባለች፣ በውታፍ በምትዘጋ ቀዳዳ ነው። ግድግዳው ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀውም በዚችው ቀዳዳ ዙሪያ ስለሆነ ሠሪዋ እዚያ ጭቃውን ወፈር ታደርገዋለች።

በደንብ ያልደረቀ እህል ከገባ ይሞቃል፣ ይሻግታል። ጤፍን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ በቆሎና ማሽላ ግን ቶሎ ይነቅዛሉ። አንዳንድ ገበሬዎች ጤፍን ከባቄላ ወይም ከማሽላ ጋር ቀላቅለው ያስቀምጣሉ። ደቃቁ ጤፍ የትልልቁን እህል ክፍተት ሞልቶ ለነቀዝ መንቀሳቀሻም አየርም ያሳጣዋል፤ ለመብላት ሲወጣ በወንፊት መለየት ነው። ጎታ በቀጥታ መሬት ላይ ካረፈ እርጥበት ከሥሩ ይበላዋል፣ አይጥም ትሰረስረዋለች። ስለዚህ በድንጋይ ከፍ ተደርጎ ይቆማል፤ ከሥሩም ድመት የምታልፍበት ያህል ክፍት ይተዉለታል።