የተፈጥሮ ቁርኝት ምንድን ነው?

የተፈጥሮ ቁርኝት ማለት አንድ ሰው ራሱን ከተፈጥሮ ሳይለይ፣ የእሷው አካል አድርጎ የሚያይበት ስሜት ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች በመጠይቅ ይለኩታል፤ ሜየርና ፍራንትዝ በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጡት መለኪያ በሰፊው ይሠራበታል።

ቁርኝቱን ከሚያጠነክሩት ነገሮች ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሳው የልጅነት ውሎ ነው። ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ሲጎለምስም ስሜቱ አብሮት ይቆያል ይባላል። ማሽተት፣ መዳሰስ፣ መደነቅ፣ ለፍጡር ማዘንም ያጠብቁታል። የዕፅዋት ስም መሸምደድ ብቻውን ግን እምብዛም ነው።

እስቲ ወደ መንዝ እንውጣ። ጭላዳ ዝንጀሮ ቁጢጥ ብሎ እየተንፏቀቀ፣ ሣሩን በጣቶቹ እየነጨ ሲበላ ቱሪስቱ ፎቶ ያነሳል። እረኛው ልጅ ወንጭፉን ያዘጋጃል፤ የገብስ ማሳው ቅርብ ነዋ! ይሁንና መንጋው ጠዋት ከየትኛው ገደል እንደሚወጣ፣ ሲደነግጥ እንዴት እንደሚጮህ የሚያውቀው እሱ ነው። መጠይቁ ቢሰጣቸው ከፍ ያለ ነጥብ የሚያመጣው ቱሪስቱ ይመስለኛል። ለዚህ ነው ነጥቡን በጥርጣሬ የማየው።

መጠይቁ የማያነሳው ሌላም ጉዳይ አለ፤ በመሬቱ ላይ የመወሰን መብት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጠው የመንዝ ጓሳ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር ቀሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ይጠበቅ ነበር። ባለርስቶቹ የመረጡት አባ ቀራ ቦታውን ለዓመታት ያዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስት ሲቀር ቀሮም አብሮ ፈረሰ፤ ያኔ ቀድሞ የደረሰ ሁሉ ያጭድ ጀመር። ሰዉ ያው፣ ብርዱም ያው ነበር። የአንድ ቀዬ ሰው ፍቅሩ በአንድ ጀምበር አለቀ ማለት አይቻልም፤ የጠፋው ነገ እኔም አጭዳለሁ የሚለው መተማመኛ ነው።

ቀሮን ግን እንከን የለሽ አድርጎ ማየት አይገባም፤ ርስት የሌለውን ከሣሩ ያገል ነበር። አሁን ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ነው። አጠባበቁን የሚመሩት የየቀበሌው ተወካዮች ሲሆኑ፣ ድርሻውም በዘር ሐረግ መቆጠሩ ቀርቷል።