የባርተን የድንጋይ አኩዌደክት፦ በወንዝ ላይ ቦይ ያሻገረ ድልድይ

የባርተን አኩዌደክት በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከማንችስተር በስተምዕራብ፣ በኧርዌል ወንዝ ላይ ከ1761 እስከ 1893 የቆመ የድንጋይ ድልድይ ነበር (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ድልድይ ይባል እንጂ የተሸከመው ጋሪ ሳይሆን ውኃ ነበር። ከላይ የብሪጅዋተር ቦይ ያልፍ፣ ከታች ወንዙ ይፈስ ነበር። ሁለቱም ላይ ጀልባ ይሄድ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በድንጋይ ከሰል ነው። ፍራንሲስ ኤገርተን፣ ሦስተኛው የብሪጅዋተር መስፍን፣ ዎርስሊ በሚባል ቦታ የከሰል ማዕድን ነበረው። ገበያው ማንችስተር ነው፤ መንገዱ ግን አስቸጋሪ ነበር። በፈረስ ጀርባ የሚጫነው ትንሽ፣ ኪራዩ ብዙ። በወንዝ ልላክ ቢል ደግሞ የኧርዌልን ጉዞ የያዘው ኩባንያ ቀረጥ ይጠይቀዋል። መስፍኑ በወጣትነቱ አውሮፓን ሲዞር በደቡብ ፈረንሳይ የሚዲ ቦይን አይቶ ነበር። ስለዚህ የራሴን ቦይ እቆፍራለሁ አለ።

አንድ ሌላ ችግርም ነበረበት፤ ጉድጓዶቹ ውኃ ያቁሩ ነበር። ቦዩ ለዚህም መላ ሆነ። ከማዕድኑ የሚወጣው ውኃ ቦዩን ይሞላል፣ ጀልባዎቹም ከመሬት ሥር እየገቡ ከሰሉን እዚያው ይጭናሉ። የመሬት ውስጥ ቦዮቹ በኋላ እየሰፉ ሄደው በድምሩ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ደርሰዋል። በእኔ እይታ ከድልድዩ የማያንስ ድንቅ ሥራ ይኼ ነው፤ ብዙ ሰው ግን የሚያወራው ስለ ድልድዩ ብቻ ነው።

በ1759 ፓርላማ የፈቀደው የመጀመሪያው ዕቅድ ወንዙን አይሻገርም ነበር። የመስፍኑ ወኪል ጆን ጊልበርት ጀምስ ብሪንድሊ የሚባል ባለሙያ አመጣ። ብሪንድሊ የወፍጮና የውኃ መንኮራኩር ሠሪ ነበር። ትምህርት ቤት እምብዛም አልደረሰም፣ መጻፍም ይከብደው ነበር። ሁለቱ ከመስፍኑ ጋር ሆነው አዲስ መንገድ አወጡ፦ ቦዩ ከፍታውን ሳይለቅ ይሂድ፣ ወንዙንም ባርተን ላይ ከላይ ይሻገረው። ወደ ወንዙ ወርዶ እንደገና መውጣት ቢኖር ጀልባን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ የውኃ በሮች በሁለቱም ወገን ይሠሩ ነበር። እነሱ ጊዜም ውኃም ይበላሉ።

ዕቅዱን ያየ አንድ ሌላ መሐንዲስ፣ በአየር ላይ ስለሚሠራ ቤተ መንግሥት ብዙ ጊዜ ብሰማም የሚቆምበትን ቦታ ያሳየኝ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልነበረም ብሎ አፌዘ ይባላል። ብሪንድሊ ደግሞ ፓርላማ ፊት ቀርቦ የድልድዩን ቅርጽ ከአይብ ቀርጾ አሳየ የሚል ወሬ አለ። እውነት ይሁን ተረት፣ ፈቃዱ በ1760 ተገኘ።

ሥራው ከአንድ ዓመት ባነሰ ጊዜ አለቀ። ድልድዩ 180 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር፤ ሦስት የድንጋይ ቅስቶች ነበሩት፣ ከወንዙም 12 ሜትር ገደማ ከፍ ይል ነበር። ትልቁ ጥያቄ ውኃው እንዳይሰርግ ማድረግ ነበር። ዘዴው ጭቃ ቤት ለሠራ ሰው አዲስ አይሆንም፦ ሸክላ አፈር ከውኃ ጋር ይቦካል፣ እስኪጠብቅ ይረገጣል፣ በንብርብር ይደለደላል። እንዲህ የተረገጠ ሸክላ እርጥበቱን እስካላጣ ድረስ ውኃ አያሳልፍም። ከባድ ስለሆነ ግን ድልድዩም ደንዳና መሆን ነበረበት።

ያ ክብደት ጉድ ሊሠራ ምንም አልቀረውም። እንደሚተረከው፣ ውኃው መጀመሪያ ሲለቀቅ አንዱ ቅስት መጉበጥ ጀመረ። ብሪንድሊ ደንግጦ አልጋ ላይ ዋለ። ጊልበርት ግን ጫናው በቅስቱ ጎኖች ላይ መብዛቱን አስተውሎ ሸክላውን አስነሣ፤ በምትኩ ጭድና አዲስ ሸክላ አነባብሮ አስደለደለ። ክብሩ በሙሉ ለብሪንድሊ ሲሰጥ መኖሩ ትንሽ ግፍ ነው።

ጁላይ 17 ቀን 1761 የመጀመሪያው የከሰል ጀልባ ድልድዩን ተሻገረ። ቦዩ ማንችስተር ከተማ እስኪገባ ጥቂት ዓመታት ቢፈጅም፣ ከደረሰ በኋላ የከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል ወረደ። ጀልባ በጀልባ ላይ ሲያልፍ ለማየትም ሰው ከሩቅ ይጎርፍ ነበር። ሌሎች ባለሀብቶችም ቦይ ለመቆፈር ተነሡ፤ እንግሊዝ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ በቦይ ተሸፈነች።

ድልድዩን ያፈረሰው ሌላ ቦይ ነው። ማንችስተር የባሕር መርከብ እደጇ ድረስ እንዲመጣላት ፈለገች። በ1887 የተጀመረው የማንችስተር የመርከብ ቦይ ባርተን ላይ የኧርዌልን ወንዝ ተከትሎ ያልፋል። ባለ ረጅም ምሰሶ መርከብ ደግሞ በ12 ሜትር ቅስት ሥር አይሾልክም። መሐንዲሱ ኤድዋርድ ሊደር ዊሊያምስ ከድሮው አጠገብ የሚዞር የብረት ድልድይ ሠራ፤ የድንጋዩ በ1893 ፈረሰ።

አዲሱ 72 ሜትር የሚረዝም የብረት ገንዳ ነው። መርከብ ሲመጣ የገንዳውም የቦዩም ጫፎች በበር ይዘጋሉ። ከዚያ ገንዳው ውኃውን እንደያዘ በመርከብ ቦዩ መካከል ባለ ደሴት ላይ ይዞራል። ክብደቱ 1,450 ቶን ገደማ ሲሆን ከዚህ 800 ቶን ያህሉ ውኃ ነው። የመርከብ ቦዩ በ1894 ተከፈተ። የሚዞረው ድልድይ ዛሬም ይሠራል፤ በላዩ የሚያልፉት ግን በአብዛኛው የመዝናኛ ጀልባዎች ናቸው። ከድሮው ድልድይ የቀረ ጥቂት የድንጋይ ግንብ በሰሜኑ ዳርቻ ይታያል።