የባሮክ ቡድን ጥሪ ላይ «415» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአውሮፓ ብዙ የባሮክ (የ17ኛው እና የ18ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓዊ ሙዚቃ) ቡድኖች ተጫዋች የሚይዙት በቋሚ ደመወዝ ሳይሆን በፕሮጀክት ነው። ጥሪው ላይ «415» የምትል ቁጥር ትኖራለች፤ ክፍያ አይደለችም። «ላ» የተባለው ድምፅ በሰከንድ 415 ጊዜ ይርገብገብ ማለት ነው። የዛሬው የተለመደ መቃኛ 440 ስለሆነ፣ 415 ግማሽ ድምፅ ያህል ይወርዳል። ለፈረንሳይ የባሮክ ሙዚቃ 392ም ይጠየቃል።

«ቫዮሊን ተጫዋች ክሩን አላልቶ ይገላገላል» የሚል ተሳስቷል። ለ440 የተሠራ የብረት ክር ሲላላ ድምፁ ይልፈሰፈሳል፤ ስለዚህ የአንጀት ክር ይታሰራል። በገና ደርዳሪዎች ጠባዩን ያውቁታል፦ እርጥበት ሲቀየር ቅኝቱን ይስታል፣ ሳይታሰብ ይበጠሳል። መለዋወጫ ሳይዙ ልምምድ መግባት አያዋጣም።

ወጪው የሚከብደው ነፋሾች ላይ ነው። የእንጨት ዋሽንት ርዝመቱ ቁርጥ ስለሆነ፣ ለ392 ሌላ ዋሽንት ወይም ቢያንስ ሌላ የመሃል አካል ይገዛል።

ሃርፕሲኮርድ (ፒያኖ የሚመስል የድሮ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ላይ ብዙ ጊዜ የቁልፍ ሰሌዳው በአንድ ቁልፍ ስፋት ወደ ጎን ይገፋና ከ415 ወደ 440 ይሻገራል። ሲገፋ ግን መቃኘቱ አይቀርም፤ በድሮው ቅኝት ግማሽ ድምፆች እኩል ስላልሆኑ፣ ንጹሕ የነበረው ድምፅ ሌላ ቁልፍ ላይ ያርፋል።