10 በመቶ ሲቀነስ ግማሹ ለምን ይጠፋል?
«ከትምህርት ቤቱ በጀት የተቀነሰው 10 በመቶ ብቻ ከሆነ ጠመኔው የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ስለተደጋገመ ላብራራው።

ኢኮኖሚ ሲቀዛቀዝ የግብር ገቢ ያንሳል፤ በጀትም ይቆረጣል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ወጪ አብዛኛው ግን ደመወዝ ነው፤ እሱ ደግሞ በቀላሉ አይነካም። በጀቱ 100 ሆኖ 80ው ለደመወዝ ቢውል፣ ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው 20 ነው። የተቀነሰው 10 የሚነሳው ከዚሁ ከ20ው ላይ ነው። የመጽሐፍ፣ የጥገናና የቤተ ሙከራ ዕቃ መግዣው በግማሽ ወረደ ማለት ነው። «10 በመቶ ብቻ ተቀነሰ» የሚለው የበጀት መግለጫ አልዋሸም፤ የሚያመውን ቁጥር ግን አልተናገረም።

የደመወዙ ድርሻ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ቅጥር የሚያግድ፣ መምህራን የሚያሰናብትም መንግሥት አለ፤ ያኔ ጫናው የሚታየው በአንድ ክፍል በሚታጨቁት ተማሪዎች ብዛት ነው።